ፕላዝማውን ማቆም ያልቻለው መምህር፦ ለአንድ የተለመደ ማብራሪያ የቀረበ ምላሽ

ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ በሚመክር ስብሰባ ላይ፣ ከሻይ እረፍት በፊትም ይሁን በኋላ፣ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ፕላዝማውስ?» ማለቱ አይቀርም። አዳራሹ ፈገግ ይላል። መድረኩ ላይ ያለው ሰው መልሱን በቃሉ ይዞታል። ያኔ መብራት አይበረክትም ነበር፤ መምህሩ አዲሱን አሠራር አልተቀበለውም፤ እንግሊዝኛው ለተማሪው ከበደው። ቀጥሎ «አሁን ግን» ይመጣል። አሁን ግን ስልክ በየኪሱ ገብቷል፣ ኢንተርኔቱ ተስፋፍቷል፣ ወጣቱ መምህር ከቴክኖሎጂ ጋር አብሮ አድጓል። ስለዚህ መንግሥት የተሻለ ይዘት ያሠራ፣ በአንድ ቋት ያከማች፣ ለየትምህርት ቤቱ ያዳርስ።

ይህ ማብራሪያ በጥናት ወረቀትም በቡና ላይ ወሬም ሥር ሰዷል። ሦስቱ ጉድለቶች ነበሩ፤ አልክድም። የምጠራጠረው ውድቀቱን ለማስረዳት መብቃታቸውን ነው። የመብራቱ መቆራረጥ፣ የመምህሩ ቅሬታና የእንግሊዝኛው ክብደት ፕላዝማው ከመምጣቱ በፊት ነበሩ፣ ከሄደም በኋላ አልጠፉም። መማሪያ መጽሐፉ፣ ጠመኔውና ደብተሩ እነዚህን ችግሮች ችለው ኖረዋል። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ነገር ጠመኔ የቻለውን እንዴት ሳይችል ቀረ? የተለመደው ማብራሪያ ይህን ጥያቄ አያነሳውም፤ ባለማንሳቱም ለቀጣዩ ሥራ የተሳሳተ ምክር ይሰጣል።

ወጣት አንባቢ ላያስታውሰው ይችላልና ነገሩን ባጭሩ ላንሳው። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሰፋፊ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰቀል፣ ጣሪያ ላይ ዲሽ ይተከል ጀመር። ሒሳብን፣ የተፈጥሮ ሳይንሶችን፣ እንግሊዝኛንና ሥነ ዜጋን የሚጨምረው ትምህርት የኢትዮጵያን ሥርዓተ ትምህርት ተከትሎ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ነበር። የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ሲሆን በሳተላይት በተመደበለት ሰዓት ለመላ አገሪቱ ይለቀቃል። ከአንዱ ፔሬድ 30 ደቂቃ ያህሉን ስክሪኑ ይወስዳል፤ ለመምህሩ በፊትና በኋላ ለመግቢያና ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሴኮንድ ዝም ትላለች፣ ከዚያ በደስታ «ጎበዞች!» ትላለች። ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። የዚያ ዘመን ተማሪ ይህችን እየኮረጀ ነው ያደገው።

በአሳቡ ግን መሳለቅ አይገባም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ተስፋፉ፤ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ግን እንደ ሕንፃ በአንድ ክረምት አይቆምም። ጎዴና አሶሳ ያለ ልጅ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት በተመሳሳይ ጥራት ያግኝ ማለት የፍትሕ አሳብ ነው። ዛሬ ፕላዝማን የሚያጣጥሉ ብዙዎች ለዚያ ልጅ በምትኩ ምን ይሰጠው እንደነበር አይናገሩም። እኔም በዚያ ዘመን አስተምሬያለሁ፤ ስክሪኑ ሲናገር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ደብተር ሳርም ያሳለፍኩት ሰዓት ቀላል አይደለም። ግማሹ ስንፍና ነበር። ሌላው ግማሽ ምን እንደነበር ለመረዳት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ከመብራቱ ልጀምር። መብራት ሲጠፋ የተማሪው መጽሐፍ አይጠፋም፤ ነገ ከቆመበት ገጽ ይቀጥላል። የፕላዝማው ትምህርት ግን እንደ ወንዝ ውሃ ነው፣ አንዴ ካለፈ አለፈ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት የጠፋበት ትምህርት ቤት የማክሰኞን ኬሚስትሪ አጥቷል፤ ረቡዕ የሚመጣው ትምህርት ማክሰኞን እንዳወቀ ሰው ያናግረዋል። ዲሽ በነፋስ ሲዘም፣ ሪሲቨር ሲበላሽ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ ዝናብ ሲያረፍድ ያው ነው። እንግዲህ መቆራረጡ ኪሳራ የሆነው ትምህርቱ በትምህርት ቤቱ እጅ ባለመኖሩ ነው። ያው ቅጂ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ የመብራት መጥፋት ትምህርቱን ለነገ የሚያሳድር እንጂ የሚያጠፋ ባልሆነ ነበር። ያን ለማድረግ የሚያስፈልገው ቴክኖሎጂ በ1997 አልነበረም እንዳይባል፣ ቪዲዮ ቤቱ በየከተማው በካሴትና በሲዲ ፊልም ያከራይ ነበር።

«መምህሩ አልተቀበለውም» የሚለው ደግሞ ምን እንዳልተቀበለ ሳይጠይቅ ያልፋል። በጊዜው የተሠሩ ጥናቶች የመዘገቡት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፦ ይፈጥናል፤ ተማሪው መጠየቅ አይችልም፤ ማስታወሻ ለመያዝ ጊዜ የለም፤ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ዘበኛ ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ ስክሪን ጠላሁ የሚል የለም። ያ መምህር ትንሽ ቆይቶ ስልክ ሲገዛ፣ ቪዲዮና የፈተና ጥያቄ ያለ ማንም ግፊት እየሰበሰበ በፍላሽ ለባልደረባው ሲያቀብል አይተነዋል። ያንኑ ሰው በአንደኛው ጊዜ ለውጥ ጠል፣ በሁለተኛው ጊዜ ዘመናዊ ማለት አያስኬድም። የተለወጠው ሰውየው አይደለም። በሁለተኛው ጊዜ ፋይሉን የሚከፍተው፣ የሚዘጋውና የሚቆርጠው ራሱ ነበር።

ብዙ የምለው በቋንቋው ላይ ነው፤ የተለመደው ማብራሪያ ከሁሉም በላይ የተሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ለብዙ ተማሪ ከባድ ነው። ግን መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ነበር፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነበር። ያ ተማሪ መጽሐፉን እንዴት ተሻገረው? ማንኛውም በኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። መምህሩ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ቀና ብሎ ፊታቸውን ያያል፤ ከዚያ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ በአገሩ ቋንቋ ይጀምራል። «ሰበቃ ማለት» ይላል፣ ሁለት መዳፉን እያፋተገ። «ማረሻ ሲታረስበት ውሎ ለምን ይሞቃል? ለምንስ ያልቃል?» የገበሬ ልጅ ይስቃል፤ መልሱ ቤቱ ነው ያለው። ከዚያ መምህሩ ወደ እንግሊዝኛው ይመለስና ተማሪው የሚያውቀውን ነገር በባዕድ ስሙ እንዲጠራው ያደርጋል። አዳማ ላይ ይህ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተቀላቀለ ይሆናል፣ ሐዋሳ ላይ ሲዳምኛ ይገባበታል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ይቆማል፤ እንደ ድክመት ስለሚቆጠር። እኔ ግን የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ትልቁ ያልተጻፈ ዘዴ እርሱ ነው እላለሁ።

ይህ ዘዴ ለመኖር የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር መካከል መቆሚያ። መጽሐፍ ይህን ይሰጣል፣ ምክንያቱም መጽሐፍ ይጠብቃል። ፕላዝማው አይጠብቅም ነበር። ሰበቃን በየትኛውም የአገር ቋንቋ ለማለት የሚበቃ ክፍተት አልተተወም፤ መምህሩ ጮክ ብሎ ቢተረጉም ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ያፍናል፣ ዝም ቢል ተማሪው ያለፈውን ያጣል። ስለዚህ እንግሊዝኛው በፕላዝማው ላይ የከበደው ከመጽሐፉ እንግሊዝኛ የባሰ ሆኖ ሳይሆን፣ ሸክሙን የሚያግዘው ሰው እጁ ስለታሰረ ነው። «ቲቸር ትንሽ ይቁምልን» የሚል ተማሪ ነበር። የሚያቆመው አልነበረም።

ሦስቱም ምክንያቶች ተገላብጠው ወደ አንድ ነጥብ መጡ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የትምህርት ይዘት ዋጋው የሚለካው መምህሩ በእርሱ ላይ ምን ማድረግ ይችላል በሚለው ነው፤ ማቆም፣ ማስቀመጥ፣ መቁረጥ፣ መተርጎም፣ ማረም። ከምስሉ ጥራትና ከአቅራቢው ችሎታ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው።

አንድ የተማረ ተቃዋሚ እዚህ ላይ ያቋርጠኝ ይሆናል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረበው ዝነኛ ክርክር የመገናኛ መሣሪያን ሸቀጥ ከሚያደርስ መኪና ጋር አመሳስሎ፣ መኪናው የሚበላውን ሰው ጤና እንደማይለውጥ ሁሉ መሣሪያውም መማርን አይለውጥም ብሏል። ከክላርክ ጋር እስከ መንገዱ ግማሽ እሄዳለሁ፤ ፕላዝማ በመሆኑ የተማረም ያልተማረም የለም። ግን ምግቡን በሩ ላይ አድርሶ የሚሄድ መኪና አለ፣ አፍ ላይ በጉርሻ እየሞጀረ ትንፋሽ የማይሰጥም አለ። ሁለቱን «ማድረሻ» ብሎ አንድ ማድረግ አይቻልም።

የተለመደው ማብራሪያ የሚፈተንበት ጥሩ ቦታ ሦስቱ ችግሮች የሌሉበት አገር ነው። እንግሊዝን እንውሰድ። ቢቢሲ ለትምህርት ቤት ልጆች ቢቢሲ ጃም የተባለ የዲጂታል ሥርዓተ ትምህርት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ከፈተ። የተመደበለት በጀት 150 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። መብራት አለ፣ ኮምፒውተር አለ፣ ቋንቋው የልጆቹ የአፍ መፍቻ ነው፣ መምህሩም አላመፀም። የንግድ ድርጅቶች ያለ አግባብ ተወዳደረን ብለው ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት ካሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 አገልግሎቱ ታገደ። ይዘቱ የሚኖረው በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ነበርና፣ በሩ ሲዘጋ በትምህርቱ ውስጥ አስገብቶት የነበረ መምህር ባዶ እጁን ቀረ። ሳተላይት አልነበረውም፣ ግን የሆነው የማክሰኞው ኬሚስትሪ ነው።

አውስትራሊያ የበለጠ የምታስተምር ናት። የፌዴራሉና የክፍላተ አገሩ መንግሥታት ከኒውዚላንድ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለርኒንግ ፌዴሬሽን በተባለ የጋራ ፕሮጀክት በሺህ የሚቆጠሩ ዲጂታል የመማሪያ ቁሶች አሠሩ። ዝግጅቱ የተመሰገነ ነበር። ብዙዎቹ የተሠሩት ግን አዶቢ ፍላሽ በሚባለው ሶፍትዌር ነው። (እኛ ፍላሽ ስንል ኪስ ውስጥ የሚገባውን ማስቀመጫ ነው፤ የስሙ መገጣጠም ያስቀኛል፣ የእነርሱ ፍላሽ ሞተ፣ የእኛው እየዞረ ነው።) አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቆም፣ ወደ ሌላ ቅርጽ ያልተለወጠ ቁስ ሁሉ የማይከፈት ሆነ። ሠሪው ብቻ የሚነካው ነገር ሠሪው ሲተወው የሚያነሳው የለም። የሕዝብ ገንዘብ የተሠራለትን ነገር ሕዝቡ መጠገን ካልቻለ፣ የገዛው ምንድን ነው?

በተቃራኒው፣ ቴሌቪዥን ያልወደቀበት አገር አለ። የሜክሲኮው ቴሌሴኩንዳሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ተጀምሮ ዛሬም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች የሚማሩበት ነው። እንደ እኛው የተነሳው ከመምህር እጥረት ነው፤ ገጠር ውስጥ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ባለሙያ ማግኘት ስላልተቻለ፣ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይይዛል፣ ቴሌቪዥኑ ያግዘዋል። ሲጀመር እርሱም በሰዓቱ የሚተላለፍ ነበር። ከኛ የሚለየው ከሥርጭቱ ጎን ለእርሱ ተብሎ የታተመ መጽሐፍ ስለነበረው፣ የአየር ሰዓቱ አጭር ሆኖ የቀረው ጊዜ ለመምህሩና ለተማሪው ስለተተወ፣ በኋላም ቅጂው በመምህሩ እጅ ገብቶ በፈለገው ጊዜ የሚከፍተው ስለሆነ ነው። ኮትዲቯር በተመሳሳይ ዘመን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቷን በቴሌቪዥን ላይ ጭና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አቆመችው። ያው መሣሪያ፣ ሁለት መጨረሻ።

ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ዛሬ ያለው ሁኔታ ክርክሬን ከእኔ በተሻለ ያስረዳልና። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም በጊዜው አልደረሰም። ትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍቱን በፒዲኤፍ ለቀቀ። የሆነውን ሁሉም አይቷል፤ ፋይሎቹ በቴሌግራም ከቻናል ወደ ቻናል፣ ከቻናል ወደ ቤተሰብ ግሩፕ ተሻገሩ። አንዱ ዳታ ገዝቶ ያወርዳል፣ ሌላው በብሉቱዝ ይቀበላል፣ ስማርት ስልክ የሌለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ብቻ ያሳትማል። ፒዲኤፍ ከዲጂታል ይዘት ሁሉ ድሃው ነው፤ አይንቀሳቀስም፣ አይናገርም፣ ተማሪውን አይፈትነውም። ያም ሆኖ ማንም ሳያሠለጥነው፣ ማንም ሳያስተዋውቀው የትም ደረሰ። ያደረሰው ሊያዝ፣ ሊቀመጥ፣ ሊተላለፍ፣ ሊታተም መቻሉ ነው።

ይሁን እንጂ ፒዲኤፍም ቢሆን ግማሽ መንገድ ነው። ይቀዳል እንጂ አይታረምም። አንድ የሒሳብ መምህር በምዕራፉ ውስጥ ያለውን ምሳሌ ወደ አካባቢው ገበያ ለማምጣት ቢፈልግ፣ ከዜሮ ይተይበዋል። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ቅጂ የረቂቁ ይሁን የመጨረሻው ለመለየት ይቸግራል፤ ቻናሉ የራሱን ሽፋንና ማስታወቂያ ለጥፎበት ሊሆንም ይችላል። ይህንን ችግር የቴሌግራም ሥርዓት አልበኝነት የሚሉ አሉ። እኔ የባለቤቱን ዝምታ አያለሁ፤ ፋይሉን ሲለቅ ቀኑንና እትሙን በየገጹ ግርጌ ቢያሰፍር፣ ማን ምን ማድረግ እንደተፈቀደለት በአንድ አንቀጽ ቢጽፍ፣ አብዛኛው ግርግር ባልተፈጠረ።

ስለ ፈቃድ ካነሳሁ፣ ሕጉ ከሚታሰበው በላይ ጥብቅ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመተርጎምና አዛምዶ የመሥራት መብትን ለባለመብቱ ብቻ ይሰጣል። ከጥበቃው ውጭ የተደረጉት እንደ ሕግና አስተዳደራዊ ጽሑፍ ያሉ ይፋዊ ሰነዶች ናቸው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ከእነርሱ አይቆጠርም። ለማስተማር የተወሰነ ማባዛት ይፈቀዳል፣ ግን አንድን ምዕራፍ ተርጉሞ፣ ምሳሌውን ለውጦ ለሌላ ትምህርት ቤት ማካፈል ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አያስኬድም። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ በቃል ሲያደርግ የኖረውን በጽሑፍ ቢያደርገው ጥፋተኛ ሊባል ይችላል ማለት ነው። የሚከሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። ግን ክስ ስለሌለ ብቻ የሚሠራ ሥራ በድብቅ ይሠራል፤ በድብቅ የሚሠራውን ደግሞ ማንም አይገመግመውም።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ መንገድ አሳይታለች፤ የፕላዝማችን ትምህርት የተቀረጸባት አገር መሆኗ ነገሩን ትንሽ ያጣፍጠዋል። ሲያቩላ የተባለው ቡድን ለሁለተኛ ደረጃ ያዘጋጃቸው የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት ማንም ሊቀዳቸውና ሊያሰራጫቸው በሚችልበት ክፍት ፈቃድ የወጡ ነበሩ። የመሠረታዊ ትምህርት መምሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን አሳትሞ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች አከፋፈለ። ዲጂታሉ የወረቀቱ ተፎካካሪ ሳይሆን እናቱ ሆነ። መብራት በማይበረክትበት አገር ይህ ከማንኛውም ታብሌት የበለጠ ትርጉም አለው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የጥራት ነው፣ ቀላልም አይደለም። መምህሩ እንደፈለገ እንዲያርም ከተፈቀደለት ስሕተት ይገባበታል፣ በየክልሉ የተለያየ መጽሐፍ ይሆናል፣ ፖለቲካ ይገባበታል፤ ደግሞስ በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘው 3.3 በመቶ ብቻ በሆነበት አገር መላላት ያዋጣል ወይ? ፍርሃቱን እረዳለሁ። ግን ማረሙ አሁንም አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጠው ሾርት ኖት፣ በግለሰብ የሚታተመው አጋዥ መጽሐፍ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ማስታወሻ፣ ሁሉም የመጽሐፉ የታረመ ቅጂ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚያጠናውም ከእነርሱ ነው። ዋናው እትም በሚኒስቴሩ ማኅተምና ቀን እንደታወቀ ይቀመጥ፤ የመምህሩ ቅጂ ደግሞ የማን እንደሆነና ከየትኛው እትም እንደተነሳ ተጽፎበት ይውጣ። ያኔ ስሕተቱ ይታያል። ዛሬ የሚሰወረው ሾርት ኖቱ ውስጥ ነው።

በሥራ ደረጃ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የይዘት ዝግጅት ውል ሲፈረም፣ አዘጋጁ ከሚታየው ፋይል ጋር የሚታረመውን ፋይል፣ የቪዲዮውን ጽሑፍና ሥዕሎቹን ለየብቻ ያስረክብ፤ የመተርጎምና የማሻሻል ፈቃዱም በዚያው ውል ይስፈር። ከዚያ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ አንድ ክፍል እንምረጥ፤ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ይሁን። በሚታረም ፋይል ለጥቂት የጉድኝት ማዕከላት ይሰጥ፣ ግማሹ በከተማ ግማሹ በገጠር። ዓመቱ ሲያልቅ ስንት ጊዜ ወረደ የሚለው ቁጥር ለሪፖርት ይቀመጥ። እኔ ማየት የምፈልገው ከመምህራኑ ተለውጠው የተመለሱትን ገጾች ነው፤ የትኛው ሥዕል እንደተተካ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር በየትኛው ቋንቋ ከጎኑ እንደተጻፈበት፣ የትኛውን ምዕራፍ ማንም እንዳልነካው።